ያያ እንግዳ ጠጅ ሣር

በእኛ ጊዜ ችግኝ በገንዘብ አይገዛም፣ ከጎረቤት ሥር ለምነህ ነው የምትተክለው። አማቴ ግን አይሰጡም። ምነው ብትል፣ ጓሯቸው ያለውን ጠጅ ሣር የተከለው ሟቹ ባላቸው አያ እንግዳ ነው፣ ጣሊያን እንደወጣ። እና አያ እንግዳ ከበቅሎ ወድቆ ሳይናዘዝ ሞተ፤ እማማም ሌት ተቀን "ነፍሱ የት ገብታ ይሆን?" ነው። ሣሩን የነካ እሱን የነካ ነው፣ በቃ።

ታዲያ ሣሩ ከርሞ ከርሞ ጓሮውን ሞላው፣ ዳር ዳሩ ለምለም፣ መካከሉ ግን ደርቆ በስብሶ። እኔ ፀዳ አገር የተወለድሁ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ እጄን በላኝ። "እማማ፣ ይህ ካልተከፋፈለ ይሞታል" ብል፣ "አፍሽን ያዢ!" አሉ። እና ክረምት መግቢያ ላይ፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ በዶማ ፈነቀልሁት፣ በመጥረቢያ ሰነጠቅሁት፣ የበሰበሰውን ጣልሁ፣ ሥር ያለውን ስምንት ቦታ ከፈልሁ፣ ቅጠሉን ከረከምሁ። ሰባቱን ተከልሁ፣ አንዱን አዘዞ ለነፍስ አባታችን ላክሁ፤ እዚህ ቢደርቅ እዚያ ይተርፋል ብዬ ነው እንጂ ቸርነት አይደለም።

እማማ ሲመለሱ ጉድጓዱን አዩ። "ዳግም ገደልሽብኝ! እስከ ፍልሰታ ፍቺ ካልጸደቀ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ወደ ፀዳ!" ባሌስ? የእናቱ ልጅ! እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ፣ ጠዋት ማታ ሄጄ አያለሁ፣ ሰባቱም ቢጫ። አለቀስሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

ታዲያ በፍቺው ዕለት፣ ጓዜን ጠቅልዬ እንደተቀመጥሁ፣ አባ ከአዘዞ መጡ። ገና ከደጅ ሳይገቡ "እሰይ! ያያ እንግዳ ጸደቀ!" አሉ። ሣሩን ማለታቸው ነው። እማማ ግን "አያ እንግዳ ጸደቀ" ብለው ሰሙ። እልል አሉ፣ መሬት ሳሙ።

"አባ፣ በሕልም ነው ያዩት?"

"ኧረ በዓይኔ በብረቱ! ዛሬ ጠዋት!"

"ወዴት ነው ያለ?"

"ምንጩ ዳር ነዋ! ለምልሞ ብታዪው!"

"ምንጭ ዳር! ተመስገን! ተመስገን!"

አባ እኔን አዩኝ፣ እኔም አባን አየሁ። ያኔ ገባን። እሳቸው መስቀላቸውን አገላበጡ፣ እኔ ጓዜን ፈታሁ።

የኛዎቹም ሰባቱ ዘግይተው አቆጠቆጡ። እማማ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ዶማ ይዘው፣ "ከጻድቅ እጅ የወጣ ነው፣ ውሰጂ" እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አደሉ። እስኪሞቱ አልነገርኋቸውም።

ምን ትስቃለህ አንተ?

"አያቴ፣ ይህማ ውሸት ነዋ!"

ምኑ ነው ውሸት? ጸድቋል! ሂድና ከጓሮ አሽትተው።