እድፍ መስሎኝ የፋቅሁት ስም

አልናብሩ፣ በቀደም ዕለት፣ በማጸዳው መጋዘን ጅራቷ እንደ ዓሣ የሾለ አሮጌ መኪና መጣች። አቧራዋን ብቻ ጥረጊ ተብዬ፣ በሯ ሥር ያለውን የደበዘዘ ቀለም እድፍ መስሎኝ ፈግፍጌ አስለቀቅሁት። በማግስቱ መኪናዋን ሊለይ የመጣው ሽማግሌ ዙሪያዋን ሲፈትሽ ውሎ፣ «የጥንት እንግሊዝ ሥራ ትመስለኛለች፤ የሠሪው ስም ካልተገኘ ግን ለመለዋወጫ ትፈታለች» አለ። ምን ልበላችሁ፣ ኅሊናዬ ቆረቆረኝ። ሳንጀምር ፎቶ ማንሳት የሥራችን ደንብ ነውና ስልኬን ከፍቼ ፎቶውን ባሰፋው፣ እድፍ ያልኩት ጽሑፍ ኖሯል።

ለአለቃዬ ባሳየው፣ «ቶሎ አጥፊው! ባለቤቱ ካወቀ ትባረሪያለሽ» አለኝ።

«ናይ! አላጠፋም። ከፈለግህ አሁኑኑ አባርረኝ» ብዬው ስልኩን ለሽማግሌው ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ የሠሪውን ስም ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ታዲያ ማን ፋቀው?» አለ።

አለቃዬ ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።