በሳፋ አጠገብ የተደረገ ክርክር

በዚያ ክረምት ዝናቡ ሦስት ወር አላባራም። ሥራ ጠፋ። እንጨት ሻገተ። የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ሳምንት ይሰነብት ነበር። የአናጢው ሚስት ጣቶች አብጠው አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ «ቀዝቃዛ ውኃ ካልተዉ ጣቶችዎ እንዲሁ ደርቀው ይቀራሉ» አላት። እሷ ግን ኮሌጅ የገባው ልጇ በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚልክላትን ልብስ ማጠቧን አልተወችም። አመላላሹ ባሏ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አናጢው ንጹሑን ልብስ በከረጢት ተሸክሞ ወደ ተማሪዎቹ ማደሪያ ሲገባ፣ ልጁን ከጓሮው ቧንቧ አጠገብ ሳፋ ላይ አጎንብሶ አገኘው።

«ምን ጉድ ነው የማየው?»

«ደህና መጡ አባዬ። ጋወኔን እያጠብኩ ነው።»

«ጋወን ነጭ አይደለም እንዴ?»

ልጁ አፈረ። «ከአዲሱ ሰማያዊ ሱሪዬ ጋር ዘፍዝፌው ነው።»

«እሰይ! እናትህ ፊደል ሳትቆጥር ያወቀችውን አንተ ኮሌጅ ገብተህ አጣኸው!»

«ሁሉን አስተማራችሁኝ፤ ይቺን ብቻ ነፈጋችሁኝ።»

አናጢው ከረጢቱን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ። የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

«ስማ ልጄ፤ እኔ መዶሻ ይዤ ያሳደግኩህ አንተ ብዕር እንድትይዝ ነው። ሰው ቢያይህ እናት የለውም እንዴ አይልም?»

«እናት እንድትኖረኝ ብዬ እኮ ነው። ባለፈው ቤት ስመጣ ማንኪያው ከእጇ ሲወድቅ አላዩም?»

አይቷል። አይቶ ዝም ብሏል።

«እንግዲያው እህትህ ታጥባለቻ!»

«እሷስ ተማሪ አይደለችም? ፈተናዋ ከኔ ይቀላል?»

«አፍ አውጥተሃል!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። እርስዎ ዘንድ ሙያ ሊማር የመጣ ሰው ‹መጋዜን ሌላ ይሞርድልኝ› ቢል ምን ይሉታል?»

«አባርረዋለሁ! የገዛ መጋዙን የማይሞርድ ምኑን አናጢ ሆነ?»

አለ አናጢው። ሰው በገዛ አፉ ከፈረደ ይግባኝ የለውም።

«ነገረኛ» አለ ከረጢቱን እያቀበለው። «ከእንግዲህ ከረጢት አልሸከምም። ሱሪህን ግን ለብቻው ዘፍዝፈው።»

ከዚያ ወዲህ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ያጥባል፤ በዚህ የተነሳ የወደቀው ፈተና የለም። እህቱም የራሷን ታጥባለች። የእናትየው ጣቶች በሁለት ወር ማንኪያ መጨበጥ ጀመሩ። የራስን እድፍ በራስ እጅ ማጠብ ማንንም አያዋርድም፤ የሚያዋርደው በታመመ ሰው እጅ መጽዳት ነው።

አናጢው ግን ሁለት ወር አልጠበቀም። ያንኑ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ብርድ ልብስ ልትዘፈዝፍ ስትቀመጥ ደረሰ።

«ተነሺ።»

«ምን ልትሆን?»

«ላጥብ።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ብርድ ልብስ እኮ ነው፤ ሳንቃ መስሎህ በመዶሻ እንዳትለው!»

እጁን ሳፋው ውስጥ ከተተ። ውኃው አጥንት ይሰብራል። ይህን ያህል መቀዝቀዙን እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር።

«ከጣሪያ ወድቄ ክንዴ የተሰበረ ጊዜ» አለ ቀና ሳይል፣ «ዓመት ሙሉ አጥበሽ አልብሰሽኛል። ‹በተራዬ› ብዬሽ ነበር።»

«ሃያ ዓመቱ። የረሳኸው መስሎኝ።»

«አልረሳሁም። አፍሬ ነው።»

እሷም እጆቿን በደረቅ ጨርቅ ጠቅልላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እሱ አሸ፣ አለቀለቀ፣ ጨመቀ፣ አሰጣ።