የደላላው ድርሻና የዋጋው ገጽ

ጋሽ ሽመክት ሮሆቦትን ሲያፈላልጉ ሰንብተው ያገኟት ሳያስቡት ነው። ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካፊያ ሲያባርራቸው አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጉ፤ እሷም እዚያው ተጠልላ ነበር።

ጋሽ ሽመክት ዕድሜያቸውን በከብት ተራ ድለላ የጨረሱ ናቸው። ሮሆቦት ደግሞ የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ከጓደኞቿ ጋር በቴሌግራም አንድ ገጽ የምትመራ ናት። አሪቻና ወርቃ በሚባሉ የቡና መንደሮች ያሉ በጎ ፈቃደኞች፣ የየቡና ማጠቢያ ጣቢያውን የእሸት ቡና መግዣ ዋጋ በየማለዳው ይልኩላታል፤ እሷ አጣርታ፣ ከፍተኛውን ከላይ አድርጋ ትለጥፋለች። ገበሬው ያንን አይቶ ደህና ወደሚከፍለው ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ለማንም አይከፈልም። ለኢንተርኔት የሚሆን ካርድ መግዣ ጠፍቶም ገጹ ሊዘጋ ደርሷል።

ሽማግሌው ሲያፈላልጓት የሰነበቱት ተሻለ የሚባል ነጋዴ መልእክት ይዘው ነው። ሰውየው አሪቻ ላይ ማጠቢያ ጣቢያ አለው። ስሙ በየቀኑ ከሁሉ በላይ እንዲወጣለት፣ ይህንንም ማንም እንዳያውቅ ይፈልጋል፤ በምላሹ ከሚገባለት ቡና በየኪሎው ኮሚሽን ያስብላታል። ጋሽ ሽመክትም ላግባቡበት ድርሻ አላቸው።

«የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል መጽሐፉ፤ እናንተም ቤተ ክርስቲያን ይሰበካል» አሏት።

«ይሰበካል ጋሼ። ግን እህሉ የማን ነው? የወርቃን ዋጋ በእግሯ ዞራ የምታመጣው አትጠገብ ናት። በነጻ የሰጠችኝን ልሽጠው?»

«አትንገሪያታ።»

«የማልነግራት ከሆነማ ስርቆት ነው።»

ጋሽ ሽመክት ሳቁ። ደላላ ሁሉ ሌባ ከተባለ የዲላ ግማሹ ወህኒ ይውረድ አሉ። ዲግሪ ይዞ የካርድ መግዣ መለመን የምን ጨዋነት ነው ሲሉም ደህና አድርገው ነካኳት። ብዙ ሰው እንደሳቸው ያስባል፤ በነጻ የሚያገለግልን ሰው ሞኝ ማለት ልማዳችን ነው።

ሮሆቦት አልተቆጣችም። ስልኳን አውጥታ የዕለቱን ዋጋ አሳየቻቸው። ከነጋዴው ከተሻለ ጣቢያ ማዶ ያለው የገበሬዎች ማኅበር በኪሎ አምስት ብር ይበልጠዋል።

«እህትዎ እትዬ ወለላ አሪቻ አይደሉ? ቡናቸው ደርሷል?»

«እየለቀመች ነው።»

«እንግዲህ ተሻለን ከላይ ላድርገው፤ እሳቸውም አምነውኝ ወደሱ ይሂዱ?»

ጋሽ ሽመክት ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። «እሷን ተያት። ለእሷ እኔ ደውዬ እነግራታለሁ።»

«ደውሎ የሚነግራት ወንድም የሌላትስ?»

ካፊያው ሲያባራ ሽማግሌው የራሳቸውን ሥራ አሰቡ። ከብት ተራ ላይ ደላላ በሻጭና በገዢ መካከል ይቆማል፤ ከማን ምን እንደሚቀበል ሁለቱም ያውቃሉ። እዚህ ግን ገበሬው ደላላ መኖሩንም አያውቅም።

«እኔ የምበላው ፊት ለፊት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይሄ ግን ከጀርባ ነው። ረትተሽኛል። ቢሆንም ልጄ፣ ካርድ ከሰማይ አይወርድም። ፊት ለፊት የሚሆንበት መንገድ የለውም?»

አለው አለች ሮሆቦት። ነጋዴ ከፍሎ ቢያስነግር፣ ማስታወቂያ ተብሎ ከዋጋው ተለይቶ ይወጣል። ማን ስንት እንደከፈለ ይጻፋል። ገንዘቡም ዋጋ አምጪዎቹ ከተስማሙ ለእነሱ ካርድ ይውላል። የዋጋው ተራ ግን አይሸጥም።

ጋሽ ሽመክት እዚያው ቆመው ለተሻለ ደወሉ። እምቢ ማለቷን ሲነግሩት በአንዲት ልጅ ተረቱ እንዴ ብሎ ተሳለቀባቸው።

«አዎን ተረታሁ። ከላይ መውጣት ካማረህ ዋጋ ጨምር» ብለውት ዘጉ። ድርሻቸውም አብሮ ቀረ።

ተሻለ አኮረፈ። ነገር ግን ቡናው ደጁን እያለፈ ወደ ማዶ ሲሻገር ማየቱ አላስቀመጠውም፤ ዋጋ ጨመረ። ስሙ በማግስቱ ማለዳ ከሁሉ በላይ ወጣ። የማዶው ማኅበርም እልህ ይዞት ጨመረ። በዚያ ዓመት የአሪቻ ገበሬ የድካሙን አገኘ። እነ አትጠገብ በማስታወቂያው ነገር መክረው ተስማሙ፤ አንድ የጆንያ ነጋዴ በግልጽ ከፍሎ አስነገረ፤ ገጹም ሳይዘጋ ተረፈ።

የታመነ ወሬ ለሰሚውም ለተወራለትም ይጠቅማል። ገበሬው አይታለልም፣ በጎ ፈቃደኛው አያፍርም፣ ነጋዴውም በዋጋው ይከበራል። ይህን የመጨረሻውን ከማንም በላይ የተረዳው ተሻለ ነው። በመኸሩ ማብቂያ ዲላ ገበያ መሐል ቆሞ ስልኩን ለሰው ሁሉ ያሳይ ነበር።

«ስሜን እዩት፣ ከላይ ነው» ይላል። «አንድ ሳንቲም አልከፈልኩበትም።»