የአራሷን እግር አትሹ

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ታኩር፣ የወሊድ ክፍል ልጆቼ፤ በዚህ የጡረታ ስንብቴ አበባውን አንገቴ ላይ ላጠለቃችሁልኝ፣ ጣፋጩን ላዱ ላቀረባችሁልኝ ሁሉ ውለታችሁን አምላክ ይክፈልልኝ። ግን አልዋሻችሁም፤ እዚህ ብቆምም ልቤ ያለው ባቢታ አልጋ አጠገብ ነው።

ባቢታ በኦፕራሲዮን የወለደችው አራስ ናት። ከትናንት ወዲያ ክፍሏ ስገባ የሰናፍጭ ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። አማቷ ራምሳኪ የምራቷን ግራ እግር በትኩስ ዘይት ታሸዋለች። ያበጠው እሱ ብቻ ነው፤ ቀልቷል፣ ይፋጃል። ክው አልኩ።

«እህቴ፣ እጅሽን አንሺ!»

«ምን ሆነሻል ሲስተር? አራስ ሳትታሽ በምን ትጠናለች? ምራቶቼን ሁሉ ከአራስ ቤት ያስነሣሁት በዚህ እጅ ነው!»

«እግሯ ውስጥ ደም ረግቶ ቢሆንስ? ስታሺው ተነቅሎ ሳንባዋ ከገባ ትሞትብሻለች።»

አማት መቼ ነገር ሰምታ ታውቃለች? እናንተ ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም አማት ነኝ! ምርመራው የፈራሁትን አረጋገጠ። ዶክተር ደም የሚያቀጥነውን መርፌ ሲያዙ ደግሞ ባሰባት። «በተቀደደ ሆድ ላይ መርፌ? ወተቷንስ ልትመርዙት ነው?» ወተቱን እንደማይጎዳው ነገርኳት፤ ለመንኳት። በመጨረሻ «እሺ፣ ራስሽ ከወጋሻት ብቻ» አለች።

እኔ ደግሞ ዛሬ ጡረተኛ ነኝ። መርፌው ገና ብዙ ይቀጥላል። እምቢ ብትልስ? ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዛሬ ጠዋት መርፌውን ለወጣቷ ነርሳችን ለፑናም ሰጠኋት። ራምሳኪ ከላይ እስከ ታች ገላመጠቻት።

«ይቺ? ለመሆኑ ወልዳ ታውቃለች?»

«አልወለድኩም፣ እማማ። እርስዎ የምራትዎን እጅ ይያዙልኝ፤ ያኔ እኔም አልፈራም።»

ራምሳኪ ያዘችላት። ፑናም ወጋቻት።

የተወጋው ቦታ እንደማይታሽ፣ ከታሸ እንደሚበልዝ ነግረናታል። የራምሳኪ እጅ ግን ልማድ ሆኖበት ወደ ምራቷ ሆድ ተንደረደረ። እጇ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸው፤ አለቀሰችም። እኔም አላስቻለኝም።

ባቢታ ገና አልዳነችም። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ደረቴን ወጋኝ ካለች ለአፍታም አትዘግዩ። አሁንም እፈራለሁ።

እጃችሁ ይባረክ። የምትወጉት መርፌ መዳኛ ይሁን። ከአራሶቻችን ክፍል ልቅሶ አይሰማ። እናንተንም በጤና ለዚህ ቀን ያብቃችሁ።

በይ ፑናም፣ ላዱውን አስቀምጪና ተነሺ። የማታው መርፌ ሰዓት ደርሷል። እኔ አልከተልሽም፤ ራምሳኪ የምትጠብቀው አንቺን ነው።