የአያ አንሙት አህያና ሰባቱ ቀባሪዎች

«ሰባት ናቸው» አለች መቅደላዊት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

አያ አንሙት ከመደባቸው ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰባት? በአንድ ሌሊት? ከማን ቤት ነው ልጄ? እሳት ነው ወይስ መኪና?»

«መስኩ ላይ ነው የወደቁት። ሁለቱ እኔ ስደርስ ገና ነፍሳቸው አልወጣም ነበር።»

«እግዚኦ። አንተ ምስጋናው፣ ምን ትገተራለህ? ጡሩንባ ነፊውን ጥራ እንጂ። ድንኳኑም ይውጣ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

እኔ ልጅቱ በየት በኩል እንደመጣች አይቼ ስለነበር ነገሩ ገብቶኛል። «ድንኳኑ ይቆይ፣ አያ አንሙት። የሞቱት ጥንብ አንሳዎች ናቸው» አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ሰው ባርኔጣ ሲያጠልቅ ያን ያህል ሲቆጣ አይቼ አላውቅም።

ሰፈራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር የሆነ ሰፈር ነው። ከፊት ለፊት ቆርቆሮ ቤትና ሱቅ፣ ከጓሮ የጤፍ ማሳና መስክ። አያ አንሙት የእድራችን ዳኛ ናቸው፤ በሃያ ዓመት ዳኝነታቸው አንድም ሰው ያለ ቀባሪ አስቀርተው አያውቁም። መቅደላዊት የእንስሳት ሕክምና ተምራ እዚሁ ክሊኒክ የምትሠራ የጎረቤት ልጅ ናት። እኔ ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጎመን ተካይ ነኝ።

የነገሩ መነሻ አንድ ጅብ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት የአያ አንሙትን ያረገዘች በግ በላ። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ አሮጌ አህያቸው ሞተች። እንደ አገሩ ልማድ ጎትተው መስኩ ዳር ጣሏት፤ ነገር ግን እንዲሁ አልጣሏትም። ጅቡን ለመበቀል ሆዷን ቀደው የጎመን ትል መርዝ አፈሰሱባት። ጅቡ በዚያ በኩል ዝር አላለም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ጥንብ አንሳዎች ወረዱ፤ ዛሬ ጠዋት ክንፋቸውን እንደዘረጉ ተገኙ።

መርዙን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ። ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ተሥሎበታል፤ ያንን ለማንበብ ስምንተኛ ክፍል መድረስ አያስፈልግም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ የምቆጣው በሰው ብቻ እንዳይመስልህ።

«የመጣሁት ለማልቀስ አይደለም፣ አያ አንሙት» አለች መቅደላዊት። «የእድሩን ዶማና አካፋ፣ ስድስት ጎልማሶችም እንዲሰጡኝ ነው። አህያዋ አሁኑኑ መቀበር አለባት።»

«አህያ? በእድር አካፋ?»

«አዎን። አሁን ሁለት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይዋ ስትሞቅ፣ የቀሩት ከዓባይ ገደል ተነሥተው ይመጣሉ። ትናንት ሰባት ወረዱ፤ ዛሬ ሠላሳ ሊወርዱ ይችላሉ።»

«ይውረዱ፤ እኔ ምን ገዶኝ። ለመላጣ፣ ለጎባጣ፣ ለጥንብ በሊታ ብዬ ዳኝነቴን ላዋርድ? ደብረ ወርቅ ያሉት ዘመዶቼ በእድሩ አህያ አስቀበረ ብለው ሲሳለቁብኝ ይኑሩ?»

«መላጣነት ካስገደለ እንግዲህ ባርኔጣዎን እንዳያወልቁ» አልኩ እኔ። ገላመጡኝ።

«መላጣ የሆነው ለንጽሕናው ነው» አለች መቅደላዊት። «አንገቱን ሆድ ዕቃ ውስጥ ሲከት ደም ላባው ላይ እንዳይደርቅበት ነው። ከበላ በኋላም ውኃ ዳር ወርዶ ይታጠባል። ከሰፈራችን ሰው ስንቱ እንደዚያ ያደርጋል?»

«በሽታ የሚያመጣብን እሱ አይደለም እንዴ?»

«በሽታ የሚያጠፋልን እሱ ነው። የበሰበሰው ሥጋ እሱ ሆድ ከገባ በኋላ ጉዳቱ ያበቃል። እሱ ከሌለ ያንን ሥጋ ማን ይበላዋል? ባለቤት የሌለው ውሻ ነዋ። ጠግቦ ይዋለዳል፤ አንዱ ያበደ ቀን ደግሞ ሰው ላይ ይመጣል። ክረምት ላይ እትዬ ዘመናይን የነከሳቸው ውሻ ምን በልቶ ያደገ ይመስልዎታል?»

«ለውሻውም መርዝ አለለት» አሉ አያ አንሙት።

መቅደላዊት ትሑት ልጅ ናት፤ ለታላቅ ሰው ዓይኗን ሰብራ ነው የምትናገረው። ያን ጊዜ ግን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እንግዲያው መርዙ የት ላይ ነው የሚያበቃው? ለጅቡ ብለው አሞራ ገደሉ። አሞራው ሲጠፋ የመጣውን ውሻ ይገድላሉ። የውሻውን ሬሳ የነካም ይሞታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ወንዙ አጥቦ ይወስደዋል፤ ከወንዙ የሚጠጡት ላሞችዎ አይደሉም? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ በቀል አይባልም። ዓይንን ጨፍኖ ድንጋይ መወርወር ነው።»

«ለእኔስ በግ ማን አለቀሰላት?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ከነግልገሏ እኮ ነው የበላት።»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አላለቀሰላትም። እኔ ራሴ ያን ጊዜ «ጅብ ምን ያድርግ፣ ራቱ ነው» ብዬ ቀልጄባቸው አልፌያለሁ። ሰውን ብቻውን ትተነው ስናበቃ ብቻውን ባደረገው ነገር እንገረማለን።

«አዝኛለሁ፣ አያ አንሙት» አለች መቅደላዊት ዝግ ብላ። «በረቱን በእሾህ አጥረን ጠንካራ መዝጊያ እናድርግለት፤ እሾሁን እኔ ራሴ እሸከማለሁ። ጅብን የሚመልሰው በረት ነው። ቀባሪዎችዎን ግን አይግደሉብን።»

«ቀባሪ አልሽ?»

«በሬዎ ወይኖ ሲሞት ማን አነሣልዎ? በቅሎዋንስ? ጡሩንባ አልተነፋላቸውም፤ ስማቸውም አልተጠራም። ደርሰው፣ ሜዳውን አጽድተው፣ ሳይመሰገኑ ሄዱ። እንግዲህ ዳኛ እርስዎ ነዎት፤ ይፍረዱ። ቀባሪ ከመቃብር ሲመለስ በሚቀርብለት ንፍሮ ላይ መርዝ የጨመረ ሰው ቢገኝ፣ እድሩ ምን ይለዋል?»

አያ አንሙት መደባቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ስለ ውሻውም፣ ስለ ወንዙም የተነገራቸው እውነት ነበር፤ ግን በጆሯቸው ጥግ አልፎ ሄዷል። ይኼኛው ግን የገባው ሃያ ዓመት ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ነው። በአእምሯቸው ያንን ሰው ድንኳኑ መካከል አቁመው እየዳኙት እንደሆነ ከፊታቸው ይነበብ ነበር፤ ፍርዱም ቀላል አልነበረም።

በመጨረሻ «ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አሉ።

ጉድጓዱ ገና ወገብ ሳይደርስ ጥንብ አንሳዎቹ ሰማዩ ላይ መዞር ጀመሩ። ቆፋሪዎቹ ያጉረመርማሉ፤ አንዱ «ለአህያዋ ፍታት የሚያደርስ ቄስ ተጠርቷል?» ብሎ ሌሎቹን አሳቀ። የአያ አንሙት ዓይን ግን ሰማዩ ላይ ነበር። አንድ ትልቅ ጥንብ አንሳ ክንፉን ሰብስቦ ሬሳው አጠገብ ሲያርፍ ጋቢያቸውን ገፍፈው እያውለበለቡ ሮጡ። «ሂድ፣ አትንካው፣ ሂድ» ይላሉ እያለከለኩ። ሌላው ወረደ፤ እሱንም አባረሩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ትናንት ያጠመዷቸውን ወፎች ዛሬ ከሞት ሲከለክሉ ሳይ፣ እኔ ቀልደኛው ምንም ቀልድ አልመጣልኝም። ዶማውን ተቀበልኩ። አህያዋንና ሰባቱን ከወንዙ አርቀን፣ አጥልቀን ቀበርናቸው። የተረፈውን መርዝ መቅደላዊት የሚያስወግዱ ባለሙያዎች ዘንድ ወሰደችው።

የሚቀጥለው እሑድ እድሩ ከአያ አንሙት አፍ ሰምቶ ወሰነ። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ሬሳ ላይ መርዝ የሚያደርግ ሰው እንደ ነውረኛ ይቆጠራል። በበሽታ ወይም አሞራን የሚጎዳ መድኃኒት ተወግቶ የሞተ ከብት ይቀበራል፤ ሌላው ከቤትና ከውኃ ርቆ ለባለመብቶቹ ለጥንብ አንሳዎቹ ይተዋል። በረቱ የላላ ሰው ካለም ጎረቤት ተባብሮ ያጥርለታል። ከዚያ ወዲህ ጅቡ ሦስት ጊዜ መጥቶ ባዶውን ተመልሷል፤ መስኩ አይሸትም፤ ልጆችም የውሻ መከላከያ ዱላ ሳይዙ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ ለማግኘት ያስፈለገው እሾህና መዝጊያ ብቻ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፣ እሾሁ ያን ጊዜም ከጓሯችን መኖሩ ነው።

በረቱን ባጠርንበት ቀን አያ አንሙት ቀና ብለው ሰማዩን ሲያዩ ቆዩ። አንድ ብቻ፣ በጣም ከፍ ብሎ ይዞር ነበር።

«ስንት እንቁላል ይጥላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«በዓመት አንድ» አለች መቅደላዊት። «ያም ከተፈለፈለ ነው። ጫጩቱ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ደግሞ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጅበታል።»

«ታዲያ የሰባቱን ምትክ መቼ ነው የማየው?»

መቅደላዊት እሾሁን ከምሰሶው ጋር አጥብቃ አሰረች።

«ዕድሜዎን ያርዝመው፣ አያ አንሙት» አለች። «በጣም ያርዝመው።»