ትርንጎ የያዘችው በር

እሑድ ጠዋት፣ ደብረ ሲና፣ በትርንጎ ሠርግ፤ ከደጅ የሙሽራው የመክብብ አንደኛ ሚዜ ስለሺ፣ ከውስጥ የሙሽራዋ ታላቅ ወንድም አጥናፉ፣ በመካከላቸው የተዘጋ በር።

ስለሺ፦ ጋሼ አጥናፉ፣ ኧረ በማርያም ይክፈቱልን! ደንቡ እኮ ትንሽ ግፊያ፣ ትንሽ ዘፈን፣ ከዚያ መግባት ነው። ሽማግሌዎቹ ፀሐይ ላይ ቀሩ!

አጥናፉ፦ ግፉ እንጂ፤ ማን ከለከላችሁ?

ስለሺ፦ ስንገፋ ነዋ የቆየነው! ለዚህ ሠርግ ብለን ሁላችንም ብረት ስናነሳ ነው የከረምነው። የኔማ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ተተረተረ።

አጥናፉ፦ ደረት ምን ሊሠራልህ? በር የሚገፋው በእግር ነው። እናንተ ከወገብ በላይ አንበሳ፣ ከወገብ በታች ሽመላ ናችሁ።

ስለሺ፦ ቡፌውን አስደግፋችሁበት ነው፣ አይደል?

አጥናፉ፦ አራት ሴቶች ናቸው የያዙት።

ስለሺ፦ አይቀልዱ፣ ጋሼ!

አጥናፉ፦ ትርንጎ ሚዜዎቿን በጣርማ በር ዳገት ሽቅብ ስታስሮጣቸው ነው የከረመችው። ባላቸው ኃይል ሽምጥ፣ ትንሽ እረፍት፣ ደግሞ ሽምጥ። መጀመሪያ ሰሞን እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ደረጃ የሚወርዱት በመቀመጫቸው ነበር። ዛሬ ጭናቸው ብረት ነው። አትሰማም? እየገፉ ይዘፍናሉ። አንተ ግን ስታወራ እንኳ ታለከልካለህ።

ስለሺ፦ ቆይ... ልተንፍስ። ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ቀስ ብለን እንነጋገር።

አጥናፉ፦ የኛ እንቁላል በሩጫ ሄዷል።

ስለሺ፦ ሽቶ ይዘናል፣ ጥሩ ሽቶ!

አጥናፉ፦ ራስህ ተቀባው፤ ላብህ በስንጥቁ እየገባ ነው። አሁንም የሠርግ ጨዋታ መስሎሃል? ከአራቱ አንዷ ራሷ ሙሽራዋ ናት።

ስለሺ፦ ትርንጎ? በቬሎዋ?

አጥናፉ፦ በቬሎዋ። ባለተረከዙን ጫማ አውልቃ የመሮጫዋን አጥልቃለች።

ስለሺ፦ መክብብን ጠላችው ማለት ነው?

አጥናፉ፦ ትወደዋለች እንጂ። ግን ባለፈው ሳምንት ምን አላት? «ከሠርጉ በኋላ ሩጫ የለም» አላት። የዞኑ ውድድር ደግሞ በመጪው ወር ነው። ይህን ቃሉን ካልሻረ በሩ አይከፈትም።

ስለሺ፦ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ ነዋ!

አጥናፉ፦ እሱ ተቻኩሎ ለታጠቀ ነው። እሷ በደንብ አሥራ ነው የተነሳችው።

ስለሺ፦ እርስዎስ ወንድ አይደሉም እንዴ? ገለል አድርገዋቸው ይክፈቱልን!

አጥናፉ፦ ሞክሬ ነበር። ሁለቱ በብብቴ አንስተው ቡፌው ላይ አስቀመጡኝ። የማናግርህ እዚያው ሆኜ ነው።

ስለሺ፦ በሉ ይታገሱኝ፣ ልጠይቀው... ጋሼ! መክብብ «ትሩጥ» ብሏል።

አጥናፉ፦ ላንተ ነው ያለው። ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ ይበል።

ስለሺ፦ እየጮኸ ነው።

አጥናፉ፦ ምንም አልሰማንም።

ስለሺ፦ ሲገፋ ትንፋሽ አጥሮት ነው! ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እኔ ልበልለት?

አጥናፉ፦ አንተ ነህ የምታገባት? ቃል በውክልና አይሰጥም። አስቀምጡት፣ ውኃ ስጡት።

ስለሺ፦ ተቀምጧል፤ አባቱ በባርኔጣቸው እያራገቡለት ነው... ተነሳ! አሁንስ ተሰማ?

አጥናፉ፦ «ትሩጥ» ያላት ተሰማች። ሽማግሌዎቹም አሜን ሲሉ ሰማሁ። የቀረውን ግን ዋጠው።

ስለሺ፦ የቀረው «እኔም ጠዋት ጠዋት አብሬያት እሮጣለሁ» ነው።

አጥናፉ፦ ቆይ ልንገራት... ስለሺ፣ እየሳቀች ነው። «ይምጣ፤ ዳገቱ ላይ ግን ቆሜ አልጠብቀውም» ትላለች።

በሩ ተከፈተ፤ ከደጅ ተደግፈውት የነበሩት የመክብብ ሚዜዎች ሳሎኑ ውስጥ በአፍጢማቸው ተደፉ፤ ትርንጎም ቬሎዋን ሰብስባ ተሻገረቻቸውና መክብብን ደግፋ ወደ መኪናው ወሰደችው።