ሰማያዊ ክር

እንደምን ዋልሽ ራሒማ? ሱቁ ደህና ነው? የሱዳኑ ሙቀትስ... ገዳሪፍ ዘንድሮ ከሰሊጡ ጋር እኛንም ልትቆላን ነው። እስኪ ሰማያዊ ክር ካለሽ አውጭልኝ። ለልብስ አይደለም። ቆይ፣ ትንሽ ልረፍና እነግርሻለሁ።

የኔን ሥራ መቼም ታውቂዋለሽ። አሰጋሽ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤትን መጻሕፍት ትጠብቃለች፣ በዚያውም የሠራተኛውን አደራ። ልጆቹ ለእርሻ ወደ ቁረይሻ ሲወርዱ ለእናታቸው ያስጻፉትን ደብዳቤ እኔ ጋ ያስቀምጣሉ። ከተመለሱ ራሳቸው ያደርሱታል፤ ከቀሩ እናት ትመጣለች። የከሻ አፈሳ መጥቶ ፖሊስ ይይዘናል ብለው ስለሚፈሩ ስም አያስጽፉም። ሁሉም በየራሱ ክር ያስረዋል፣ የክሩ ግማሽ እናቱ ጋ ይቀራል። ግማሹን ይዛ ለመጣች አስተያይቼ እሰጣለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። የመሃይም አሠራር ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ?

ታዲያ አንድ ኡስታዝ አሉ እንበል፤ የታሪክ መምህር። ስም ምን ያደርጋል? እንዴት ያሉ የተማሩ ሰው መሰሉሽ... "አሰጋሽ፣ አንቺ ከመጻሕፍት ክፍል፣ እኔ ከመማሪያ ክፍል፣ ተባብረን ልጆቹን በእውነተኛ ሰነድ እናስተምር" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ማን እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? ሦስት ሳምንት አቧራ አራገፍኩ፣ ለትምህርት የሚሆነውን መረጥኩ። አንዱን መልሳችሁ በክሩ ሳታስሩ ሌላውን አትፍቱ ብዬ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሉ የለ? እኛ ሁለት ብቻ ስለሆንን ሸክሙ ለኔ፣ ጌጡ ለእሳቸው ደረሰ።

መቼም ሥርዓት ይወዳሉ። ሐሙስ ገላባት ደርሼ እስክመለስ ሁሉንም ፈተው፣ በዓመተ ምሕረት ደርድረው፣ አረንጓዴ ፋይል ውስጥ አስገብተው ጠበቁኝ። ሲያምር ብታይው... ክሩስ ብላቸው "ቆሻሻውንማ አስጠረግኩልሽ" አሉኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል እሰማ ነበር፣ ለካ ቅርጫትም ይሞላል። በወላጆች በዓል ፋይሉን ከፍ አድርገው "ከተማሪዎቼ ጋር ያደራጀነው" ሲሉ እኔ ወንበር እያቀረብኩ ነበር። አጨበጨብኩም።

ምነው፣ ድምፅሽን ቀንሺ ነው? ማንን ጠራሁ? ጥላው ሥር ጋዜጣ የያዙት ሰውዬ እንደሆነ ኡስታዝም ቢሆኑ ንባብ ላይ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ገጽ አልገለጡም፤ እንዲህ አጥብቆ የሚያነብ ሰው ደስ ይለኛል።

ትናንት ውባየሁ የምትባል እናት ከመተማ መጣች። ልጇ ቁረይሻ ወርዶ ከቀረ ስድስት ዓመቱ። ከቀሚሷ ጫፍ የቋጠረችውን ሰማያዊ ክር ፈታ መዳፌ ላይ አኖረችው። ያን እሽግ አውቀዋለሁ፣ ራሒማ፤ ከመስኮቱ በታች ነበር። አሁን ግን የት ብዬ? ኡስታዝ ተጠሩ። "ከዘጠና አንድ እስከ ዘጠና ሦስት ባለው ውስጥ አለ፣ እናቴ" አሏት፣ በትሕትና። አርባ ደብዳቤ ነው። ሁሉም "ይድረስ ለውድ እናቴ" ብሎ ይጀምራል፣ ሁሉም "ልጅሽ" ብሎ ያበቃል። ማንበብ ስለማትችል አርባውንም አነበብኩላት። በእያንዳንዱ "እሱ ነው" አለች። ሠላሳ ዘጠኙ የሌላ እናት ነው፤ የቱን ሰጥቼ የቱን ልከልክላት? እሳቸው ግን ፋይሉ እንዳይዛባ ቁጥሩን እየተከተሉ መልሰው አስገቡት። ክሯን ይዛ ሄደች።

ክሩን የፈለግኩት ለምን መሰለሽ? ኡስታዝ በመጪው ወር ለተጨማሪ ትምህርት ካርቱም ሊሄዱ ነው አሉ። እናታቸው ጎንደር ናቸው፣ ሌላ ልጅ የላቸውም። ለመንገዳቸው ይሁን ብዬ ነው፤ ግማሹን ለእሳቸው፣ ግማሹን ለእናታቸው።

በሰላም ገብተው በሰላም ይውጡ። ለእናታቸውም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። አንድ ቀን ልጄ የት ቀረ ብለው ክራቸውን ይዘው ከመጡም፣ ልክ እንደ ልጃቸው ያለ ሥርዓት አዋቂ ይቀበላቸው። አሜን በይ እንጂ፣ ራሒማ።